የመርካቶው እረኛ በሴቬን ተራራ

ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፓሪስ ነው። ቸርች በር ላይ ይጠይቁኛል፣ መኪና ላሠራ ስሄድ ይጠይቁኛል፤ ባለፈው ሳምንትማ አንድ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ ቀይ መብራት ላይ ከጎኔ ቆሞ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ፓሪስ እንዴት ናት?» አለኝ። ፓሪስን ያየኋት በኤርፖርት መስታወት በኩል ነው። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ከሚኒያፖሊስ ዝናብ የተለየ ነገር አላየሁበትም። እኔ የሄድኩት ሌላ ቦታ ነው፤ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሴቬን በሚባሉ ተራሮች መሀል ያለች የበግ አርቢዎች መንደር። እነሱ ኮሚዩን ይሏታል፤ በእኛ ቀበሌ እንደማለት ነው፣ ከንቲባ ያላት ቀበሌ። ከምንኖርባት ከሪችፊልድ ተነስቶ እዚያ የሚሄድ ሰው መቼም አይኖርም። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ በየቀኑ ልጽፈው ብያለሁ፣ የሚያሳፍረኝንም ጭምር።

የሚያሳፍረኝ ይቅደም። ልጄ ሜሮን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ የጥር ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ አለቀሰች። ብርዱ እውነትም ፊት የሚልጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሥራ ረፍዶብኛል። አፌ ላይ እንደመጣልኝ፣ «እኔ በአንቺ ዕድሜ በግ ጠብቄ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው፣ ያውም በእግሬ» አልኳት። ልቅሶዋን ቀጥ አደረገችው። «ስንት በግ?» አለችኝ። «ሠላሳ» አልኳት። ማታ ስመለስ የበጎቹን ስም ጠየቀችኝ። ስም አወጣሁላቸው። በሳምንቱ ጅብ መጣ፤ በወሩ ወንዝ ሞላ።

እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በግ የማውቀው ለበዓል ተገዝቶ ግቢያችን ሁለት ቀን ሲታሰር ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በወጥ መልክ። ሚስቴ ወይንሸት ይህን አሳምራ ታውቃለች። «ተው አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱ እኮ ታምንሃለች» ትለኝ ነበር። ቸርች ውስጥ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፣ የሰፈሬ ልጆች እዚያ ሞልተዋል። ለሜሮን ግን ስንት ዓመት ሙሉ አወራሁላት። ለምን ብትሉኝ፣ እኔ ስኩል ባስ የምነዳ ሰው ነኝ፤ ያንን ወሬ ስነግራት የምታየኝን አስተያየት ከሌላ ከማንም አግኝቼው አላውቅም። ኮሌጅ ለመግባት የጻፈችው ኢሴይም ስለ እረኛው አባቷ ነው። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ከዚያ ፈረንሳይኛ ልትማር ለአንድ ዓመት ሞንፔሊዬ የምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ሄደች። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ደወለችልን። ግልገል በሚወለድበት ሰሞን ልታግዝ አንድ መንደር ሄዳ እዚያው ቀርታለች። አንድ ሽማግሌ እረኛ ሥራውን ሊያስተምሯት ተቀብለዋታል። በመስከረም ወደ ኮሌጅ አትመለስም። «ዳድ፣ እረኝነት እኮ ደማችን ውስጥ ያለ ነው» አለችኝ። ወይንሸት ስልኩን ዘግታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አንተ ያመጣኸው ነው። አንተው ሂድ፣ እውነቱን ንገራትና ይዘሃት ና» አለች። እንደደረስኩ ልነግራት ቃል ገባሁ።

ቅዳሜ

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ ተነሳሁ። ወይንሸት ሁለት ሻንጣ አዘጋጅታለች። ትንሹ የእኔ ነው። ትልቁ ባዶ ነው፣ የሜሮን ልብስ መመለሻ። ኤርፖርት ላይ ሻንጣ የምትቀበለው ሴት ብድግ ስታደርገው ቀለላት።

«ምን አለበት?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ይወስዱታል?»

«ልጄን ይዤበት ልመለስ ነው» አልኳት።

ሴትየዋ ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች፣ ሻንጣውን ደግማ አየች። ልብሷን ማለቴ እንደሆነ እስካስረዳ ድረስ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶኝ ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ለሜሮን የምነግራትን ነገር ሳጠና አደርኩ። ሲጠና ቀላል ነው።

እሁድ

ከፓሪስ ሌላ ትንሽ አውሮፕላን ቀይሬ ሞንፔሊዬ ወረድኩ። ሜሮን በር ላይ ቆማለች። ፀሐይ አጥቁሯታል፤ ፀጉሯን በጨርቅ ጠምጥማዋለች። ስታቅፈኝ እጇ ጀርባዬ ላይ ሻከረኝ። ያቺ ጓንት ሳታደርግ ሳህን የማታጥብ ልጅ ናት። ትልቁን ሻንጣ ልታግዘኝ ስታነሳው ቅለቱ ገባት። «ማሚ ናት፣ አይደል?» አለችና ሌላ ምንም ሳትናገር መኪናው ላይ ጫነችው።

መኪናው ሙሴ ማርሴል የሚባሉት የሽማግሌው እረኛ አሮጌ ፒክአፕ ነው። በልጅነታችን ፈረንጅ ወንድ ሁሉ «ሙሴ» ነበር የሚባለው፤ እኔም ሳላስበው ሙሴ አልኳቸው፣ እሳቸውም ወደዱት። መንገዱን ምን ልበላችሁ። ሚኒሶታ ውስጥ መንገድ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ እዚህ ግን ተራራውን እየዞረ፣ አንዴ በገደል አንዴ በግንብ እየታከከ፣ ለአንድ መኪና እንኳ እየጠበበ ይሄዳል። ሜሮን በየኩርባው ጥሩምባ እየነፋች ትነዳለች። እኔ በበረዶ የሰው ልጅ ጭኜ የምነዳ ሰው፣ እግሬ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ዋለ።

«ቀስ በይ።»

«አይ ጎት ኢት፣ ዳድ።»

በቃ አሁን እነግራታለሁ ብዬ ጉሮሮዬን ስጠርግ እሷ ቀደመችኝ። ሙሴ ማርሴል ልጅ የላቸውም። ከከተማ እየመጡ እረኛ እንሁን የሚሉ ወጣቶችን ተቀብለው አያውቁም፣ መኸር ሳይገባ ጥለው ይሄዳሉ ይላሉ። «እኔን የተቀበለኝ በአንተ ምክንያት ነው። የእረኛ ልጅ ነኝ ስለው እሺ አለ» አለችኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ዝም አልኩ።

ስንደርስ ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶ መንደሩ ሁሉ ተቀምጧል። መንደሩ ሁሉ ስላችሁ ከእኛ ቸርች ኳየር ያንሳል። ሙሴ ማርሴል አንድ ዳሌያቸውን ያማቸዋል፣ ግን ተነስተው እያነከሱ መጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ከዚያ ለእኔ ያስቀመጡትን ዱላ ሰጡኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለቤታቸው ማዳም ኦዴት ሾርባ አቀረቡ። እራቱ ይኸው ነው ብዬ ሁለት ሳህን ከዳቦ ጋር አሟጥጬ በላሁ፤ ለካ መጀመሪያው ነው። ሰላጣ መጣ፣ የበግ ሥጋ መጣ፣ አይብ መጣ፣ ደግሞ ጣፋጭ መጣ። ማዳም ኦዴት በየሳህኑ ፊቴን ያዩኛል፣ እኔም ላለማሳፈር እበላለሁ። ወገቤ ላይ ቀበቶዬን ፈትቼ ነው የጨረስኩት።

ሰኞ

ያደርኩበት ክፍል ግድግዳው ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ድንጋይ ነው፤ ያውም በሰኔ በብርድ ልብስ ተኛሁ። ጠዋት ቡና በጎድጓዳ ሳህን አቀረቡልኝ። ማንኪያ ፈለግሁ። ሜሮን በሁለት እጅ ይዘህ ጠጣ አለችኝ።

መንደሯን ለመዞር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሱቅ የለም፤ ዳቦ በመኪና ይመጣል፣ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ቦርሳ ይዞ ይወጣል። የከንቲባው ቢሮ የሚከፈተው በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ነው። ከንቲባው በቀሩት ቀናት የራሳቸውን በጎች ይጠብቃሉ። ዳቦ የሚሸጠው ሰውዬ የእረኛዋ አባት መሆኔን ሲሰማ ሂሳብ አልቀበልም ብሎ አንድ ዳቦ በነፃ ሰጠኝ። እነዚህ ደጋግ ሰዎች እንዲህ ባደረጉልኝ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ከሰዓት ሙሴ ማርሴል ወደ በረቱ ወሰዱኝ። ከመንጋው አንዷን ይዘው አመጡና፣ በሜሮን በኩል፣ «እስቲ ምን ይላሉ?» አሉኝ። እጄ የሚያውቀውን አደረገ። እዚህ ሚኒሶታ ለፋሲካ ከከተማ ውጪ ካለ ፋርም በግ ስንገዛ ጓደኞቼ እኔን ነው የሚያስመርጡኝ። ጀርባዋን ጨበጥኩ፣ ጎኗን ዳበስኩ፣ ላቷን ልመዝን ወደ ኋላ ስዞር ላት የለም። ገመድ የመሰለች ጅራት ብቻ። እጄ ባዶ ላይ ቀረ። ሙሴ ማርሴል አንድ ነገር አሉ፣ ሜሮን ሳቀች።

«‹የገዢ እጅ ነው ያለው› ይላል። እኛ አገር እረኛው ራሱ ነው ገበያ ወስዶ የሚሸጠው አልኩት።»

ቀጠሉ ሽማግሌው። «በአገርዎ በግ እንዴት ነው የምትጠሩት?» ጉድ ፈላ። ሜሮን አዲስ አበባን አይታ አታውቅም፤ ዓይኗን ጥላብኝ ትጠብቃለች። ከጉሮሮዬ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ። «ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ ፒያሳ።» በጎቹ ቀና ቀና አሉ። ሙሴ ማርሴል ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ደጋግመው ለመዱት። ሲመሽ ማዳም ኦዴት ዶሮዎቻቸውን በፒያሳ ወደ ቤት ሲያስገቡ ሰማሁ።

ማክሰኞ

በየዓመቱ በሰኔ ሙቀቱ ሲጀምር ሳሩ ስለሚደርቅ በጎቹን በእግር ወደ ተራራው ጫፍ ያወጧቸዋል፤ እስከ መኸር እዚያ ይከርማሉ። የሁለት ቀን መንገድ ነው። እኔ የደረስኩት ለዚያ ጉዞ ነው። ማክሰኞ የዝግጅት ቀን ነበር። የበጎቹን ጀርባ በቀለም ምልክት አደረጉ፣ ለዋና ዋናዎቹ ከሱፍ የተሠራ ቀይና ቢጫ ኳስ አሰሩላቸው፣ ትላልቅ ቃጭሎች አወጡ።

የቃጭሎቹ ማሰሪያ ቆዳ ነው፤ ብዙው ተበጥሷል። ማዳም ኦዴት በወስፌ ሲታገሉ አየሁና ወስፌውን ተቀበልኳቸው። ክሩን በሰም አሸሁ፣ ድርብ ስፌት ሰፋሁት፣ ጫፉን አባቴ ያደርግ እንደነበረው ወደ ውስጥ ደበቅሁት። እዚያ አገር ከደረስኩ ወዲህ ሳልዋሽ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ እሱ ነው። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ጨረስኳቸው። ማዳም ኦዴት ስፌቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ለሜሮን አሳዩዋት።

«ይህን የት ተማርክ፣ ዳድ?»

«ከአባቴ» አልኩ።

«አያቴም እረኛ ነበር ማለት ነው?»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። ማዳም ኦዴት ፈገግ ብለው ያዩኛል፣ ሜሮን ትጠብቃለች። «እ... ሁሉንም ይሠራ ነበር» አልኳት። ማታ ወይንሸት ደወለች። «ነገርካት?» አለችኝ። «ነገ» አልኳት። «አንተ ሰውዬ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ረቡዕ

ጎህ ሲቀድ ወጣን። መንደሩ ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ይሸኛል። የቃጭሉ ድምፅ በድንጋዩ ግድግዳ መሀል ሲያስተጋባ ሰው ተጠጋግቶ እንኳ አይሰማማም። ከፊት ሙሴ ማርሴል፣ መሀል ሜሮንና የመንጋው ውሻ፣ ከኋላ እኔ። መንገዱ ጥንት ለበግ ብቻ የተሠራ ነው፤ በሁለት በኩል የድንጋይ ካብ አለው፣ መኪና አይገባበትም። እኔ ለሰው ልጅ ትምህርት ቤት መሄጃ እንኳ እንደዚህ ያለ ከመኪና የተጠበቀ መንገድ አላየሁም። አቧራውን ሙሉ ቀን ዋጥኩት። ሆኖም ልጄን ከሩቅ ሳይ ዋልኩ። ድምፅ ሳታሰማ ክንዷን ዘርጋ ስታደርግ ውሻው ይዞራል፣ መንጋው ይታጠፋል። ስትራመድ እናቷን አትመስል፣ እኔን አትመስል። ኮርቼባታለሁ።

ማምሻውን አንድ እርሻ ደረስን። ባለቤቶቹ በየዓመቱ ለሚያልፍ መንጋ ግቢያቸውን ይከፍታሉ፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። ድንችና አይብ አብልተውን ጎተራቸው ውስጥ ድርቆሽ ላይ አስተኙን። ሜሮን ራሷን እንዳስቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ነገ ብዬ የቀጠርኩት ቀን እንዳለፈ እያሰብኩ ተኛሁ።

ሐሙስ

ረፋድ ላይ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረስን። ቀኙ ወደ ላይ ይወጣል፣ ግራው ወደ ገደላማ ሸለቆ ይወርዳል። ሙሴ ማርሴል ቀድሜ ሄጄ እንድቆም በእጃቸው አሳዩኝ። ለእረኛ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም ብለው ነው። እኔ እንግዲህ ልጆችን ባስ ላይ ሳሳፍር በሩ ላይ ቆሜ ኑ ኑ ነው የምለው። በጎቹ ወደ እኔ እንዲመጡ ብዬ በሚወጣው መንገድ አፍ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፤ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» እያልኩ። በግ ለካ የቆመ ሰው ሲያይ ይሸሻል። መቆም የነበረብኝ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። የፊተኞቹ እኔን ሲያዩ ወደ ግራ ታጠፉ፣ የቀሩት ተከተሏቸው፣ ግማሹ መንጋ ዓይኔ እያየ ሸለቆው ውስጥ ገባ።

ሜሮን አጠገቤ እንደ ንፋስ አለፈችና በገደሉ ወረደች። ስትንሸራተት አየኋት። ተነሳች፣ ደግሞ ሮጠች፣ ከበጎቹ በታች ዞረች። እሷና ውሻው መልሰው እስኪያወጧቸው ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። ክንዷ ከእጇ አንጓ እስከ ክርኗ ተገሽልጧል። አንዲት በግ እግሯን ሰብራ ከቅርብ እርሻ ተጠርቶ በመጣ መኪና ተወሰደች።

በቀትር በጎቹ በሙቀቱ አይሄዱም፤ ጥላ ሥር ተጠጋግተው ያመሰኳሉ። እኛም ተቀመጥን። ሙሴ ማርሴል ፊታቸው ቀልቷል፤ ለሜሮን ጥቂት ቃል ተናገሩ። እሷ ደሟ እየተንጠባጠበ ረጅም መልስ ሰጠቻቸው።

«ምን አሉሽ?»

«ለምን እዚያ ቆመ ነው የሚለው።»

«ምን አልሻቸው?»

«በኢትዮጵያ እረኛው ከፊት ነው የሚቆመው፣ በጎቹ ይከተሉታል አልኩት። ዶንት ዎሪ፣ ዳድ።»

ይህን ስትል ክንዷን በመሀረብ እየጠቀለለች ነው። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ሜሮን፣ እኔ በሕይወቴ በግ ጠብቄ አላውቅም።»

ፈገግ አለች። «ረስተኸው ነው። ብዙ ጊዜ ሆኖሃል እኮ።»

«አልረሳሁም። አልነበረም። ሠላሳው በግ አልነበረም፣ ጅቡም፣ ወንዙም። ያደግኩት መርካቶ ነው። አያትሽ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ማክሰኞ ያየሽው ስፌት የሱ ነው። ፒያሳ የሰፈር ስም ነው። የታክሲ ረዳት ሰው የሚጠራበት ነው።»

መሀረቡን መጠቅለል አቆመች። «ዋይ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«መጀመሪያ ትምህርት ቤት እንድትሄጂ ብዬ ነው። በኋላ ግን ስነግርሽ የምታዪኝን አስተያየት ወድጄው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«ኢሴዬ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ኮሌጅ የገባሁት በሱ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አሁን ለእሳቸውም ንገሪያቸው።»

«ካወቀ ወደ ቤትሽ ሂጂ ይለኛል። አንተም የመጣኸው ለዚያ ነው።»

እውነቷን ነው። እውነቱን መናገሬ እሷን እንደሚያስመልስልኝ አላጣሁትም፤ ግማሽ ልቤ እንዲያውም ያንን ይመኝ ነበር። ግን ሰውየው የእኔን ውሸት አምነው መንጋቸውን በአደራ እየሰጡ ነው፣ እሷም ለእኔ ስትል መዋሸት ጀምራለች። «ንገሪያቸው» አልኳት ደግሜ።

ወደ ሽማግሌው ዞራ በፈረንሳይኛ መናገር ጀመረች። እኔ ፈረንሳይኛ አላውቅም። የፈለገችውን ልትል ትችላለች፤ አባቴን ፀሐይ መታው ብትል እንኳ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ፊቷ አይታየኝም። ጆሮዬን አቆምኩ። መጀመሪያ «ፒያሳ» ስትል ሰማሁ። ቀጥሎ «ታክሲ»። ታክሲ በእነሱም ቋንቋ ታክሲ ነው። አልደበቀችም።

ሙሴ ማርሴል ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ እሷን አንድ ነገር ጠየቋት፣ አጭር መልስ ሰጠቻቸው። ተነስተው ለውሻው አፏጩ። «ምን አሉሽ?» ብላት ሳትመልስልኝ ወደ ፊት ሄደች። እስክንደርስ ድረስ ዞራ አላየችኝም።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ዳሌያቸው ስላስቸገራቸው ወደ ኋላ ቀሩና ከእኔ ጋር ሆኑ። የጋራ ቋንቋ የለንም። ቁጣቸውን ጠብቄ ነበር። አንድ ምንጭ ጋ ስንደርስ ኮዳቸውን ሞልተው መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ፤ ጠጥቼ ስመልስላቸው እሳቸው ጠጡ። በዚያች ቀን ያን ውኃ ባያጠጡኝ እንዴት እንደምደርስ እንጃ።

ዓርብ

የመመለሻውን ጉዞ እዚህ ላይ ልጨርሰው፣ የሚወራ ነገር የለበትም። ቅዳሜ ማዳም ኦዴት በመኪና መጥተው አወረዱኝ፤ ለመንገድ ብለው የሰጡኝን አይብ ጠረኑን ፈርቼ ሞንፔሊዬ ኤርፖርት ቁጭ ብዬ በላሁት። ሚኒያፖሊስ ወይንሸት በር ላይ ቆማ ነበር። እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ሜሮን ትኖር እንደሆነ ነው ያየችው። መኪና ውስጥ ገብተን ሪችፊልድ ስንቃረብ ጠየቀችኝ።

«ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«ታዲያ?»

ያን ጊዜ የዓርብን ጠዋት ነገርኳት። ለእናንተም የምነግራችሁ እንዲሁ ነው።

ሐሙስ ሌሊት ተራራው ጫፍ ላይ ያደርነው በድንጋይ ጎጆ ነው። ስወጣ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው፤ ሳሩ አጭር፣ አየሩ ብርድ፣ በጎቹ ተኝተዋል። ሜሮን ክንዷን ጠቅልላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወይንሸት ያስጠናችኝ ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ኮሌጁ፣ ስለ እናቷ እንባ። አንዱም አፌ ላይ አልመጣም።

«ይቅር አላልኩህም» አለችኝ። «ገና ተናድጃለሁ።»

«ይገባኛል።»

«አያቴ እውነት ልብስ ሰፊ ነበር?»

«እውነት።»

«የሱ አባትስ?»

«ሸማኔ ነበር ይባላል። በዘራችን በግ የጠበቀ ሰው አላውቅም፣ ሜሮን። ማንም።»

ሳሩን በጫማዋ ነካካች።

«ትናንት ሙሴ ማርሴል ምን ብለው ነው የጠየቁሽ?» አልኳት።

«‹አባትሽ እረኛ ካልሆነ፣ አንቺ ከየት መጣሽ?› ነው ያለኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«‹የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ› አልኩት።»

ሽማግሌው ከጎጆው እያነከሱ ወጡ። በእጃቸው የጨው ከረጢት ይዘዋል። ተራራው ላይ የመጀመሪያውን ቀን ጨው ለበጎቹ የሚሰጠው የመንጋው እረኛ ነው፤ ሙሴ ማርሴል ደግሞ ከአባታቸው ከተረከቡ ወዲህ ይህን ለሌላ ሰው ሰጥተው አያውቁም። ከረጢቱን ሜሮን እግር ሥር አስቀመጡት። ተነስታ በደህናው እጇ በኩል በትከሻዋ ተሸከመችውና ወደ ላይ፣ ጨው ወደሚበተንባቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች መሄድ ጀመረች። ሙሴ ማርሴል እሷ የተነሳችበት ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

በጎቹን አልጠራቻቸውም። መጀመሪያ አንዷ ተነሳች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ መንጋው በሙሉ ተነስቶ ተከተላት። እኔም ተነስቼ ከኋላቸው ሄድኩ።